ወላጅ አምጪ

ገና አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ ከሰዓት በኋላ ግን ኮሌጅ ገብታ ሂሳብ ትማራለች። አባቷ «መጀመሪያ አሥራ ሁለተኛን ጨርሺ!» ብሎ ስለከለከላት በድብቅ ነው። የኮሌጅ ፈተና ልትፈተን ከትምህርት ቤት በቀረች ማግስት፣ በቅርቡ ተዛውሮ የመጣው ርዕሰ መምህር «ያለ ወላጅ እንዳትመጪ!» ብሎ አባረራት።

ቢቸግራት ኮሌጅ አብረዋት የሚማሩትን ጡረተኛ፣ ጋሽ ውብነህን፣ «ለዛሬ አባቴ ይሁኑልኝ» ብላ ለመነቻቸው።

«ምን ገዶኝ! ካንቺ እየኮረጅኩ አይደል እዚህ የደረስኩት?» አሉና የለቅሶ ኮታቸውን ደርበው፣ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ ተከተሏት።

ቢሮ እንደገቡ አንገታቸውን ደፍተው፣ «የዚህች ልጅ አባት ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ።

ርዕሰ መምህሩ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«አባዬ! እማዬ ታውቃለች?»