እምቢ ያለችው ባለሱቅ

«አልሸጥልዎትም አልኩ እኮ!» ባለሱቋ የማርማላታውን ብልቃጥ ከአባቴ እጅ ትመነጭቃለች።

«ለምን? የኔ ገንዘብ አይገዛም?»

«ይገዛል እንጂ። ሳሙና ይገዛል፣ ክብሪት ይገዛል፣ ጨው ይገዛል። ጣፋጭ አይገዛም።»

ሽንኩርት ለማስመዘን የተሰለፉት ጎረቤቶች ይስቃሉ። እኔ ከአባቴ ኋላ ቆሜያለሁ፤ ቤት ውስጥ ስለፈልፍ ነው የከረምኩት። ስኳር በሽታ ባለፈው ክረምት የአባቴን የእግር አውራ ጣት አስቆርጦታል። ሐኪሙ ቀጥሎ እግሩ ነው ብሏል። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የረሳው ባለእግሩ ብቻ ነው።

«እንግዲያው ማዶ እሄዳለሁ!» ይላል አባቴ። «እዚያ ከፍለህ ትወጣለህ፤ ማንም አይጨቀጭቅህም።»

ማዶ ያለው በየሰፈሩ ቅርንጫፍ የከፈተው ሱፐርማርኬት ነው። አባቴ እያነከሰ ይሻገራል። ልከተለው ስል ባለሱቋ ትቀድመኛለች። «ሱቁን እዩልኝ!» ትልና፣ ሽርጧን እንዳሸረጠች በመኪኖቹ መሐል ትሮጣለች።

በመደርደሪያዎቹ መሐል ፈልገን ስናገኘው አባቴ ጋሪውን አጋምሶታል። ብስኩት፣ ከረሜላ፣ ማርማላታ፤ ያውም ሁለት ለገዛ አንድ በነጻ። ባለሱቋ አንድ በአንድ እያነሳች ወደየመደርደሪያው ትመልሳለች።

ከረባት ያሰረ ተቆጣጣሪ ይመጣል። «እናቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ዕቃ እየመለስኩ። ዓይን የለህም?»

«ደንበኛችንን ማስቸገር አይቻልም። እኛ ዘንድ ደንበኛ ንጉሥ ነው።»

ወደ ተቆጣጣሪው እጠጋለሁ። ለእነዚህ ሰዎች አባቴ ኪስ ብቻ ነው፤ እግር የለውም።

«ንጉሥ ሲሞት ሌላ ይነግሣል» እለዋለሁ። «እኔ ግን ሌላ አባት አላገኝም!»

ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ይየኝ።

ተቆጣጣሪው እኔን ትቶ ወደ አባቴ ዘንበል ይላል። «አባባ፣ ሴትዮዋን ያውቋታል? ጥበቃ ጠርቼ ላስወጣልዎት?»

አባቴ የመጨረሻውን ብልቃጥ ታቅፏል። ባለሱቋ እጇን ዘርግታ ቆማለች፤ ታለከልካለች። አንድ እግሯ ባዶ ነው፤ ነጠላ ጫማዋ ስትሮጥ ወልቆ ቀርቷል። አባቴ ባዶ እግሯን ያያል። ቶሎ ዓይኑን አያነሳም።

«እሷንማ አውቃታለሁ» ይላል። «የማላውቀው አንተን ነው።»

ብልቃጡን ያቀብላታል። «እንቺ! ጨቅጫቃ።»

ስንወጣ ነጠላ ጫማዋ አስፋልቱ መሐል ተጋድሟል። መኪኖቹ ፋታ አይሰጡም። አባቴ እያነከሰ መንገዱ መሐል ይገባል፤ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ይቆማል። ጡሩምባው ይንጫጫል። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይሳደባል።

«ጠብቅ!» ይለዋል አባቴ፣ ንቅንቅ ሳይል። «ጫማዋን ታድርግ!»

ባለሱቋ ጎንበስ ትላለች። አትቸኩልም።