ቀይ የበራባቸው አጣቢ

«ዛሬ አሰልጥንልኝ... ካልገባቸው በዚህ ሳምንት ይሰናበታሉ።»

ይህን ያለው የአንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ነው።

የሰማው ደግሞ ክፍሉ የሚጠቀምበትን የታብሌት መመዝገቢያ የሠራው ወጣት።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ጆንያ አንሶላ በታጠበ ቁጥር አጣቢዋ ታብሌቱ ላይ ትመዘግባለች። የቀኑ ቁጥሯ ከፍ ያለ አረንጓዴ፣ ዝቅ ያለ ቀይ ይበራባታል።

ሰባት አጣቢዎች አሉ... ስድስቱ ሁልጊዜ አረንጓዴ።

ቀዩ የእማማ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያው ያጠቡ ሴት ናቸው።

በዚያ ላይ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርሶች በየቀኑ «አንሶላ ጎደለን» እያሉ ይደውላሉ። ታብሌቱ ግን «ሁሉም ታጥቧል» ይላል።

ጥፋቱ በማን ተላከከ? በእማማ። ኃላፊው «አሰልጥንልኝ» ያለውም እሳቸውን ነው።

ወጣቱ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«እማማ፣ እንደ ሁልጊዜው ይሥሩ። እኔ ዝም ብዬ አያለሁ።»

እማማ እርጥቡን አንሶላ አወጡ... እጃቸውን በጋውናቸው ጠረጉ... እስከ በሩ ሄዱ። ታብሌቱ የተሰቀለው እዚያ ነው።

ነኩት። እምቢ አለ።

እጃቸውን እፍ እፍ ብለው አደረቁና ደግመው ነኩት። ተመዘገበ።

ከዚያ ወደ ቀጣዩ ጆንያ... እንደገናም ወደ በሩ...

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። ይህን ነገር የሠራው ቢሮ ቁጭ ብሎ፣ በደረቅ እጁ ነበር።

«ሌሎቹስ እንዴት ፈጠኑ?»

«እሱን እነሱን ጠይቅ ልጄ። እኔ ሰው አላሳጣም።»

እስከ ሥራ መውጫ ቆየ።

ሊወጡ አሥር ደቂቃ ሲቀር ስድስቱ እጃቸውን አድርቀው ታብሌቱ ጋ ተሰበሰቡ። ወጣቱ ከጆንያው ክምር ጀርባ መኖሩን ረስተውታል።

«የኔ ስንት ነበር?»

«አርባ በዪው።»

«ትናንትም አርባ ብያለሁ እኮ።»

«እንግዲያው አርባ ሁለት።»

ለካ የቀኑን ሥራ በግምት ነበር የሚሞሉት... ክፉ ሆነው አይደለም። በየጆንያው እጅ እያደረቁ ቢመላለሱ ሥራው አይገፋላቸውም።

እውነቱን ይመዘግቡ የነበሩት እማማ ብቻ ናቸው!

ወጣቱ ኃላፊው ቢሮ ገባ።

«አልቻሉም አይደል?»

«በትክክል የሚጠቀሙበት እሳቸው ብቻ ናቸው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ታዲያ ስድስቱን ላሰናብት?»

«ማንንም አታሰናብት። ሁለት ሳምንት ስጠኝ።»

ሁለቱን ሳምንት ጋውን ለብሶ አብሯቸው አጠበ። ሴቶቹ የማሽኑን በር በክርናቸው እንደሚዘጉ፣ የየክፍሉ ጆንያም የራሱ ቀለም እንዳለው አየ።

ታብሌቱን ከግድግዳው አወረደው። በየማሽኑ በር አጠገብ የጆንያዎቹ ቀለም ያላቸው ትልልቅ ቁልፎች ገጠመ። በክርን አንዴ ጫን... አለቀ።

በመጀመሪያው ሳምንት ቁጥሩ በሲሶ ወረደ። ኃላፊው ደነገጠ። ግን በየቀኑ የየትኛው ክፍል ስንት ጆንያ እንደታጠበ በትክክል ስለታወቀ፣ የቀዶ ሕክምናው ጆንያ ቅድሚያ ተሰጠው። የነርሶቹም ስልክ ቆመ።

ሥራውን ጨርሶ በሚሄድበት ቀን ወጣቱ «እማማ፣ ያ ሁሉ ቀይ ሲበራብዎት ለምን አልተናገሩም?» አላቸው።

«እኔማ... ማታ ቤቴ ገብቼ እጄን አያለሁ። አርጅቻለሁ ማለት ነው እላለሁ። የታብሌቱ ጥፋት ይሆናል ብዬ መች አሰብኩ።»

ወዳጆቼ፣ አንድ ሰው የሰጣችሁትን መሣሪያ መጠቀም ሲያቅተው «አይገባውም» ከማለታችሁ በፊት አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ሥራውን እዩ። መሣሪያ ለሰው ሥራ ይስተካከላል እንጂ ሰው ለመሣሪያ አይቀጣም።

እናንተስ በመሥሪያ ቤታችሁ «ይህን እንኳ አትችልም» ተብላችሁ፣ በኋላ ግን ጥፋቱ የመሣሪያው ሆኖ ያገኛችሁበት ጊዜ አለ? እስቲ ከታች ጻፉልኝ... አነባለሁ።