በጋዜጣ የተሸፈነው መጽሐፍ

ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ እየጸለየ ነበር...

አዜብ ግን ዓይኗን ገልጣ የጓደኛዋን ቦርሳ ዚፕ ቀስ አድርጋ ትከፍታለች።

ጓደኛዋ ለምለም መድረክ ላይ ከመዘምራኑ ጋር ናት። ልትወጣ ስትል "አዚዬ፣ ያዥልኝ" ብላ ቦርሳውን ጭኗ ላይ ያስቀመጠችላት ራሷ ናት።

ቦታው ስቶክሆልም፣ ብሬዴንግ የሚባል ሰፈር ነው፤ ምዕመናኑ እሁድ እሁድ የሚከራዩት አዳራሽ። ጊዜው በፈረንጆቹ 1999፣ ቅጠሉ የሚረግፍበት ወር።

አዜብ ሌባ አይደለችም። የፈለገችው የአንድ መጽሐፍ ርዕስ ማየት ነው...

ነገሩ እንዲህ ነው።

ሁለቱም ስድስት ዓመት ሙሉ አረጋውያንን ሲያጥቡ፣ ሲያበሉ፣ ሲያነሱ የኖሩ ናቸው። አሁን ሥራ አገናኙ ቢሮ የዳታቤዝ አስተዳዳሪነት እንዲማሩ ፈቀደላቸው። የአንድ ድርጅት መረጃ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ እንዳይጠፋና እንዳይደበላለቅ የሚጠብቅ ሰው መሆን ማለት ነው።

መንገዱ ግን ሁለት ነው። ወይ የኮምፒውተር ኩባንያው የኦራክል ሰርተፍኬት፣ ወይ የማይክሮሶፍት።

ቢሮው የሚፈቅደው አንዱን ብቻ፣ ያውም አንዴ ብቻ። የማይሆነውን መርጦ የወደቀ ወደ ድሮ ሥራው ይመለሳል። የአዜብ ወገብ ደግሞ ከዚህ በኋላ ሰው ማንሳት አይችልም።

"ለምለምዬ፣ አንቺ የቱን መረጥሽ?" ብላ ሦስት ጊዜ ጠይቃታለች።

ሦስቴም መልሱ ያው ነው... "እየጸለይኩበት ነው።"

አዜብ ይቺን ቃል ታውቃታለች። ለምለም መንጃ ፈቃድ ስታወጣም "እየጸለይኩበት ነው" ስትል ከርማ አንድ ቀን መኪና እየነዳች ብቅ አለች። ባለ ሦስት ክፍል ቤት ስትገባም እንደዚሁ። አዜብ በየጊዜው "ጌታ ይባርክሽ" ብላ አቅፋታለች... ቤቷ ስትገባ ግን እራቷ አልዋጥ ይላታል።

ሰሞኑን ደግሞ ለምለም ባቡር ውስጥ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ይዛለች። አገር ቤት ተማሪ ሳለን እንደምናደርገው ሽፋኑን በጋዜጣ ለብጣዋለች። አዜብ አጠገቧ ስትቀመጥ ፈገግ ትልና ትከድነዋለች።

"እንዳላይባት ነው የሸፈነችው" አለች አዜብ ለባሏ ለባሕሩ።

"አንቺ ራስሽ የቱን ትፈልጊያለሽ?"

"እሷ የያዘችውን።"

"ነገ ጸጉሯን ብትላጭ ልትላጪ ነው?"

"ካማረባት..."

ባሕሩ ሳቀ። አዜብ አልሳቀችም።

እናም ያን እሁድ፣ ፓስተሩ "ዓይናችንን ጨፍነን" ሲል እሷ ቦርሳውን ከፈተች። መጽሐፉን ግማሽ ድረስ አወጣችው። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች።

ኦራክል።

ቶሎ መልሳ ከተተችው፣ ዚፑን ዘጋች። ከአዳራሹ ሁሉ ቀድሞ "አሜን" ያለው የእሷ አፍ ነበር...

ሰኞ ጠዋት ቢሮው ሳይከፈት በሩ ላይ ቆማለች።

"ኦራክል ላይ የቀረን አንድ ቦታ ብቻ ነው" አለቻት ሠራተኛዋ።

አንድ ቦታ... የለምለም ቦታ።

ፈረመች።

በቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ወደ ቤቷ ስትመለስ ደስ ሊላት ሞከረች። "እስቲ አሁን ጸልዪበት" አለች በልቧ።

ሦስት ቀን የለምለምን ስልክ አላነሳችም። ሐሙስ ከሰዓት የበሩ ደወል ጮኸ።

ለምለም ናት። በጋዜጣ የተሸፈነውን መጽሐፍ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች።

'ልትጣላኝ መጣች' አለች አዜብ በሆዷ።

"ኦራክል ተመዘገብሽ አሉ" አለች ለምለም።

"አዎ... ቦታው እንደሆነ የማንም ነው፣ ቀድሞ የመጣ..."

"ተመስገን። እኔስ ስጸልይ የከረምኩት ለዚሁ አይደል?" መጽሐፉን ዘረጋችላት። "እንቺ፣ ያንቺ ነው።"

"የኔ?"

"እኔማ ማይክሮሶፍት ከተመዘገብኩ ወር አለፈኝ። ብነግርሽ ተከትለሽኝ ትመጫለሽ ብዬ ፈራሁ... አውቅሻለኋ አዚዬ። አንቺ አገር ቤት ዘጠኝ ዓመት የሆስፒታል መድኃኒት መጋዘን የያዝሽ ሰው ነሽ። የቱ ካርቶን የቱ መደርደሪያ ላይ እንዳለ ከእንቅልፍሽ ቢቀሰቅሱሽ ትናገሪያለሽ። ይሄን ሳነበው ያንቺ መጋዘን መጣብኝ። እንግሊዝኛው እንዳይከብድሽ ዳር ዳሩን በአማርኛ ጻፍኩልሽ፤ ትናንት ነው የጨረስኩት። በእርሳስ ነው፣ የተሳሳትኩትን አጥፊው።"

አዜብ መጽሐፉን ተቀብላ ሽፋኑን ነካ አደረገች።

"ጋዜጣውስ?"

"ባቡር ውስጥ እንዳይቆሽሽ ነዋ። ያደፈ ነገር ለሰው ይሰጣል?"

አዜብ ወንበሩ ላይ ዝርግት ብላ ተቀመጠች። መዋሸት ትችል ነበር...

"ለምለም... እሁድ ቦርሳሽን ከፍቼ አይቻለሁ። ርዕሱን አይቼ ቦታሽን ልቀማሽ ነው የሮጥኩት።"

የለምለም ፊት ትንሽ ጠቆረ። ከዚያ መጽሐፉን ከአዜብ እጅ ወሰደችና ከርዕሱ ቀጥሎ ያለውን ገጽ ገልጣ አሳየቻት።

"ለእህቴ ለአዜብ። ጌታ ያበርታሽ" ይላል። ከሥሩ የተጻፈው ቀን ወር አልፎታል።

"ምነው ታዲያ" አለች ለምለም፣ "ከከፈትሽው አይቀር አንዲት ገጽ ብትጨምሪ?"

...

አዜብ ተሻምታ የወሰደችው ለእሷ ተብሎ የተቀመጠውን ነበር።

ቅናት ክፋቱ ይሄ ነው። ለእኛ የሚደክመውን ሰው የሚደብቀን አስመስሎ ያሳየናል። ሰው ያልነገረን ሁሉ ደብቆን አይደለም... አንዳንዱ ገና እየጸለየልን ነው።

እናንተስ ቤተሰቦቼ... አንዲት ገጽ ሳትጨምሩ የፈረዳችሁበት ሰው አለ? በኋላስ ምን አገኛችሁ? ስሙን ሳትጠሩ ከታች ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።