ባዶው ኮሪደር

ማየት የተሳናት ዘቢደር የበቅሎ አከራዮች ማኅበሩ ቢሮ በር ላይ ቆመች፤ ኮሪደሩንም በዘንጓ ዳሰሰች። ባዶ ነበር። በቅሎ ነጂዎቹ በየቀኑ እየጣሉት የሚሄዱት ኮርቻም፣ እግሯን የሚጠልፈው ገመድም የለም። ትናንት ተደናቅፋ ጉልበቷ ሲላጥ ለሊቀ መንበሩ አቤት ብላ ነበርና፣ ሰሙኝ ብላ ደስ አላት። ከተራራው ካምፕ ከጨነቅ በቅሎ ለማዘዝ የሚደወለው ስልክ ሳያመልጣት ፈጠን ብላ ገባች።

ወንበሮች ተንኳኩ። «ኖር!» አሉ የሥራ ባልደረቦቿ፣ ሁሉም ባንድ ላይ።

«ምነው፣ ጳጳስ መሰልኋችሁ እንዴ?» ብላ ሳቀች። ሌላ ቀን ቢሆን ቀልደኛው ባልደረባዋ ገዱ «መስቀልሽን አሳልሚና!» ይላት ነበር። ጠረጴዛዋ ጋ ደርሳ እጇን ወደ ስልኩ ስትሰድ ባዶ ጣውላ ዳበሰች።

«ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጠነው፣ ልጄ» አሉ ሊቀ መንበሩ በለሰለሰ ድምፅ። «ደመወዝሽ አይነካም፤ ለእኛም ለነፍሳችን ይሆነናል። ከእንግዲህ ምን አንከራተተሽ? ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ብዪ። ሲሻሽ ብቅ እያልሽ ትጠይቂናለሽ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ኮርቻውን አንሡልኝ ነው ያልሁት።»

ከወዲያኛው ክፍል ስልኩ ጠራ፤ እጇ ቀድሟት ተዘረጋና አየር ላይ ቀረ። አንድም ወንበር መልሶ እንዳልተንኳኳ ያን ጊዜ ልብ አለች። ሁሉም እንደቆሙ ናቸው። ለሥራ በተመላለሰችባቸው ዓመታት አንድም ቀን የተነሣላት ሰው አልነበረም።

«በእግዜር» አለች ቀስ ብላ፣ እንግዳ እንደሚለው።