ግራሙ ሳይዛነፍ

«ካፖርቴን አላወልቅም፤ በርዶኛል» አሉኝና ሚዛኑ ላይ ወጡ።

ቁጥሩ ወዲያ ወዲህ ብሎ ቆመ። ዘጠና አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም። ካርዳቸውን ገለጥኩ። ከሦስት ወር በፊት፣ ክብደት የሚቀንሰውን የስኳር መርፌ የጀመሩ ዕለት፣ ዘጠና አንድ ከሦስት መቶ።

«አልቀነስኩም አይደል?» አሉ። የከፋቸው አይመስሉም።

ሃያ ዓመት ነርስ ሆኜ ሰው መዝኛለሁ። ይወፍራል፣ ይከሳል፤ ግራሙ ሳይዛነፍ ተመልሶ የሚመጣ ግን አላጋጠመኝም። ደግሞ እኚህ ሴትዮ ስኳር ከያዛቸው ገና ሁለት ዓመታቸው ነው፤ በሽታው አዲስ የሆነበት ሰው በመርፌው ይበልጥ ይቀንሳል። መድኃኒቱ ለሁሉም ስለማይበቃ፣ ማን ሊቀንስበት እንደሚችል ኮምፒውተር ይገምትልናል፤ ለእሳቸው ከመቶ ሰማንያ አምስት ሰጥቷቸዋል። በሦስት ወር ያልቀነሰ ሰው መርፌው ይቆምበትና ለተረኛ ይሰጣል።

ቀበቷቸውን አየሁ። በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አለው።

«እትዬ፣ በሞቴ፣ ካፖርቱን ያውልቁት።»

«ተዪኝ፣ ልጄ።»

«በሞቴ አልኩ እኮ!»

አወለቁት። ወንበሩ ላይ ሲያስቀምጡት ጓ አለ። ከወንድማቸው ጋር እህል ቤት አላቸው፤ ከኪሳቸው የሱቁ የሚዛን ብረት ወጣ። ሁለት ባለ ሁለት ኪሎ፣ አንድ ባለ አንድ ኪሎ፣ ከዚያ፣ ጉድ እኮ ነው፣ ሦስት ባለ መቶ ግራም።

«አርባ ዓመት በሚዛን አጭበርብሬ አላውቅም» አሉና እንባቸው መጣ። «ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

«ታዲያ ሲያጭበረብሩ እንኳ አስተካክለው?» ሳቄ አመለጠኝ። «አንድ ኪሎ ጣል ቢያደርጉበት መች እነቃ ነበር!»

«ያልነበረኝንማ እንዴት ብዬ እጨምራለሁ?»

ሳቄን ዋጥኩት።

«ለወንድሜ ብዬ ነው» አሉ። «እሱም ስኳር አለበት፤ ጉልበቱ አልቋል፣ ሁለት ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። እኔ ካልቀነስኩ መርፌው ለእሱ ይደርሰዋል ብዬ።»

አንጀቴን በሉት። ግን መናገር ነበረብኝ።

«አይደርሳቸውም፣ እትዬ። እሳቸውም እዚሁ ነው የሚታከሙት፤ ከታመሙ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፣ ኢንሱሊንም ይወጋሉ። ኮምፒውተሩ ብዙም አይቀንሱም ብሎ መጨረሻ ላይ አስቀምጧቸዋል። እርስዎ ቢተዉት ለማያውቁት ሰው ነው የሚሄደው።»

ብረቶቹን አዩ።

«ኮምፒውተሩ ወንድሜን አይቶታል?»

«ወረቀታቸውን ነው ያየው።»

«እንዲያ በይኝ!»

ከሦስት ወር በፊትም የመዘንኳቸው በዚሁ ካፖርት ነበር። ባዶውን ለብሰው እንደገና ወጡ። ሰማንያ ስድስት ኪሎ። ጻፍኩት።

በሩ ተንኳኳና ወንድማቸው ትንፋሽ እያጠራቸው ገቡ።

«እታለም፣ ምነው ቆየሽ? እኔ እዚያ...» ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ አረፈ። «እንዴ! ከጠዋት ጀምሮ ይሄን ፍለጋ ነው ሱቁን ስገለብጥ የዋልኩት! ስንት ደንበኛ መለስኩ!»

ብረቱን አዩ፣ ሚዛኑን አዩ፣ እህታቸውን አዩ። ገባቸው።

«ለእኔ ብለሽ?»

እትዬ የካፖርታቸውን ቁልፍ መቆለፍ ጀመሩ።

«አንቺ ሴትዮ አብደሻል? ሁለታችንም ከምንወድቅ አንዳችን እንቁም እንጂ!» ብረቶቹን አንድ በአንድ ኪሳቸው ከተቱና ቀድመውን ወጡ።

በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። ወንድምየው ደረጃው ጋ ሲደርሱ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። እትዬ ሳያውቁ አልፈዋቸው አራት ደረጃ ወርደው ነበር። ዞረው አዩና ተመልሰው ወጡ። እጃቸውን ወንድማቸው ኪስ ከተው ሁለቱን ባለ ሁለት ኪሎ አወጡ፤ ሁለቱንም በአንድ እጃቸው ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ሌላውን እጃቸውን ሰጧቸው።