ከማልታ እስከ ካታኒያ

አጋታ ጣሊያን፣ ካታኒያ ከተማ ትሠራለች፤ ሳልቩ ማልታ፣ ማርሳሽሎክ ወደብ ላይ ጀልባ ይጠግናል። ዓርብ ማታ ትመጣለች፣ እሑድ ከምሳ በኋላ ትመለሳለች። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖረዋል። ነጠላ ጫማዋ ከአልጋው ሥር፣ ሽቶዋ መስኮቱ ላይ ነው። የሳልቩ እናት “ምራቴ” ነው የሚሏት።

ችግሩ እሑድ ማታ ነበር። አውሮፕላኑ ከማልታ ተነሥቶ ካታኒያ ለመድረስ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም፤ ሽቅብ ወጥቶ ሳይደላደል ቁልቁል ይላል። የአጋታ ስልክ ግን እስከ ሰኞ ጠዋት ዝግ ነው።

“ደክሞኝ እንቅልፍ ወሰደኝ” ትላለች።

ሳልቩ ነገሩን አብሮት ለሚሠራው ቀለም ቀቢ፣ ለዌንዙ፣ አጫወተው።

“በዚህች በረራ እንዲህ ከደከማት፣ አሜሪካ ብትሄድ ልትቀብራት ነው” አለ ዌንዙ ብሩሹን እያራገፈ። “ካታኒያ ሰው አላት፣ ስልህ።”

“አፍህን ዝጋ።”

“እሺ፣ ዘጋሁ። አንተ ግን ዓይንህን ክፈት።”

ቅናት ከገባ ወዲያ ሳልቩ እንቅልፍ አጣ። እሷ ስትታጠብ ሻርፗን አንሥቶ ያሸታል። ስልኳ በጮኸ ቁጥር ፊቷን ያያል። በፊት “አንድ ቀን እኔ ልምጣ” ሲላት “አብራኝ የምትኖረው አክስቴ አመለኛ ናት፣ እንግዳ አትወድም” ትለው ነበር፤ እሱም ይስቅ ነበር። አሁን መልሷን ሌት ተቀን ያኝከዋል።

“እዚያ ስትደርሺ ማን ይቀበልሻል?” አላት አንድ ቅዳሜ።

“ታክሲ ነዋ። ምነው?”

“እንዲሁ ነው።”

በማግስቱ እሑድ “አስቸኳይ ሥራ አለብኝ፣ አልሸኝሽም” ብሏት በጠዋቱ ከቤት ወጣ። ቀድሟት በረረ። ካታኒያ አውሮፕላን ማረፊያ፣ መንገደኛ ከሚወጣበት በር ትይዩ፣ ከአንድ ዓምድ ኋላ ቆሞ ጠበቃት።

ወጣች። አንድ ቦርጫም፣ ፀጉሩ የሳሳ ሰውዬ ሻንጣዋን ተቀበላትና ግንባሯን ሳማት። ሳልቩ መልከ መልካም ወጣት ቢያይ ይሻለው ነበር። አጋታ የሰውዬውን ኮሌታ አስተካከለችለት፣ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው፣ ሁለቱም ሳቁ። ለሳልቩ ኮሌታ ነክታለት አታውቅም።

እግሩ ሳያስበው ወሰደው። አጋታ ስታየው ፊቷ አመድ መሰለ።

“ይሄ ማነው?” አላት። ወደ ሰውዬው ዞረ። “አንተ ለእሷ ምኗ ነህ?”

ሰውዬው ግራ ገብቶት ሁለቱንም አየ። ከዚያ ፊቱ ፈካ፣ እጁንም ለሰላምታ ዘረጋ።

“ባሏ ነኛ። አንተ ማልታ ያለኸው ወንድሟ ነህ አይደል?”