ነጭ ክር የታሰረላቸው ጥጆች

ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ጀርባ ሃያ ላሞች ያሉት አንድ ግቢ አለ። ሶሬቲ ላሞቹን ታልባለች፣ ጥጆቹን ታሳድጋለች። በረቱ አጠገብ ለእሷና ለአምስት ወር ልጇ አንድ ክፍል ተሰጥቷታል። ከዚያ ክፍል ከወጣች መሄጃ የላትም።

በጥር ወር ስምንት ላሞች ሊወልዱ ሲቃረቡ፣ የግቢው ባለቤት እትዬ ኣብርሀት አንድ ተመራማሪ ይዘው መጡ። ዶክተር ቃልአብ ይባላል።

«ጥጃ ሲወለድ ጡንቻው ውስጥ እንደ ዘር የተቀመጡ ሴሎች አሉ» አላት ሶሬቲን። «ኋላ ሥጋ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ምግብ ሲዘገይባቸው ምን እያቃጠሉ እንደሚቆዩ ነው የማጠናው። ገባሽ?»

ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። ይሄ ግን ገባት።

አራት ጥጆች ቀይ ክር ይታሰርላቸዋል፤ እንደተወለዱ እንገር፣ ያንን የመጀመሪያውን ወፍራም ወተት ይጠጣሉ። አራቱ ነጭ ክር ይታሰርላቸዋል፤ አንድ ቀን ሙሉ ምንም አይቀምሱም። የጠጡበትን ሰዓት ሶሬቲ ከዶክተሩ በተሰጣት ቅጽ ላይ ትጽፋለች። ዶክተሩ በሦስተኛው ቀን ከታፋቸው የሩዝ ፍሬ የምታህል ሥጋ ይወስዳል።

የመጀመሪያው ባለ ነጭ ክር ሲጮህ ዋለ። ሶሬቲ ጣቷን ስትሰጠው ጠባው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጥባቱን ተወ፤ አፉም ቀዘቀዘ። በማግስቱ፣ የሚጠጣበት ሰዓት ሳይደርስ ሞተ።

ዶክተር ቃልአብ ሥጋውን ከሬሳው ወሰደ። «ይሄም መረጃ ነው» አለ ጓንቱን እያወለቀ።

 ከሶሬቲ ጡት የፈሰሰው ወተት ቀሚሷን አርሶታል።

ሁለተኛዋ ባለ ነጭ ክር ስትወለድ ሶሬቲ የልጇን ጡጦ አጠበችና እንገር ሞላችበት። በነጠላዋ ሸፍና በረት ገባች። ቅጹ ላይ «በማግስቱ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት» ብላ በቆንጆ ጽሕፈቷ ጻፈች።

ሦስተኛውን በጡጦ ስታጠባ በረት የሚጠርገው ኪዱ ደረሰባት።

«አንቺ! ይሄንንም አንቺ ነሽ እንዴ የወለድሽው? አባቱ ማነው ታዲያ?»

«ኪዱዬ፣ በናትህ…»

«እኔ ምን አገባኝ! ግን ሥጋውን መሣሪያ ውስጥ ከትቶ ነው አሉ የሚያየው። የጠጣውን ካልጠጣው ይለያል። ያን ቀን ልጅሽን አዝለሽ የት እንደምትገቢ ከአሁኑ አስቢበት።»

አሰበችበት። አራተኛዋንም አጠባቻት።

በየካቲት መጨረሻ ዶክተሩ ከእትዬ ኣብርሀት ጋር መጥቶ ሠራተኛውን ሁሉ አስጠራ። ሶሬቲ ልጇን አዝላ ወጣች። ልብሶቿን በፌስታል ጠቅልላ በሩ ሥር አስቀምጣለች።

«ቅጹን የሞላሽው ራስሽ ነሽ?» አላት ዶክተሩ።

«አዎ።»

«ከባለ ነጭ ክሮቹ ሦስቱ በሕይወት አሉ። የጡንቻ ሴላቸውን ሁለት ጊዜ መረመርኩት፤ ወዲያው ከጠጡት ምንም አይለይም። መሣሪያው የተበላሸ ሁሉ መስሎኝ ነበር።» ቀና ብሎ አያት። «ከዚያ ያንቺን ቅጽ አየሁ።»

ሶሬቲ የልጇን ማዘያ ጠበቅ አደረገች። ኪዱ መሬት መሬት ያያል።

«እንዲህ ተጠንቅቆ የሞላልኝ ሰው የለም» አለ ዶክተሩ። «በቃ፣ የሞተው ቀድሞውንም በሽተኛ ነበር። ጥጃ አንድ ቀን ሳይጠጣ ቢቆይ ምንም አይሆንም።»

እትዬ ኣብርሀት ጉንጯን ሳሟት። «በይ የኔ ልጅ፣ የቀሩት አሥራ ሁለት ላሞች ከሰኞ ጀምሮ ይወልዳሉ፤ የመጀመሪያ ቀን እንገራቸው ቦሌ ሩዋንዳ ሰፈር ላለው ቁርስ ቤቴ ነው፣ ለጥጆቹ ጠብታ እንዳትሰጪ።»